መለኪያው የማን ወገብ ነው?

ወላይታ ሶዶ ከተማ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ክሊኒክ ገብቶ ወገቡን ቢለካና ሜትሩ 88 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍ፣ ይህ ሰው ደህና ነው ወይስ አይደለም? ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ባስቀመጠው ልክ መሠረት፣ አውሮፓዊ ወንድ ወገቡ 94፣ ሴቷ ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለስኳርና ለልብ ሕመም ተጋላጭ ናቸው ይባላል። ለደቡብ እስያ ወንዶች ልኩ ወደ 90 ዝቅ ብሎ ተወስኗል። ከሰሃራ በታች የምንኖረው ግን የራሳችን መረጃ እስኪገኝ ድረስ በአውሮፓውያኑ እንድንለካ ተደረገ። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ። መረጃውን ማን እንዲያመጣልን ነበር የምንጠብቀው? ለራሳችን ወገብ ከእኛ የቀረበ ማን አለ?

ፍንጭ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ በተለያዩ ሕዝቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ ስለ እኛ ግልጽ ነገር ተናግሮ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከአውሮፓውያን እኩል የሰውነት ስብ የሚይዙት የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው (ቢኤምአይ የሚባለው) በ4.6 ነጥብ አንሶ ሳለ ነው አለ። ልዩነቱ ከቻይናውያኑም፣ ከታይላንዳውያኑም፣ ከኢንዶኔዥያውያኑም ይሰፋል። በቢኤምአይ ሰንጠረዥ ላይ ክብደቱ ጤናማ የተባለ ኢትዮጵያዊ፣ ወፍራም ከተባለው አውሮፓዊ ያላነሰ ስብ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ለኢትዮጵያዊ ወንድ የሚስማማው የወገብ ልክ 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለሴት 78 ነው ብሎ አሳተመ። በወንዱ በኩል ልዩነቱ አሥር ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ያ 88 የለካው የሶዶ ጎልማሳ በአንደኛው መጽሐፍ ጤነኛ ነው፣ በሌላኛው አደጋ ላይ ነው። ሐኪሙ በየትኛው ይፍረድ? የጅማው ጥናት የተሠራው ወርሃዊ ደሞዝ በሚበሉ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ነው፤ ለዱጉና ፋንጎ ገበሬ፣ ለቢጠና ነጋዴ፣ ለሶዶ የባጃጅ ሹፌር ይሠራል ማለት አንችልም። ታዲያ በእነዚህ ሰዎች ላይ ደግሞ እንየው ያለ ማነው?

የሆድ ስብ ሁሉ አንድ አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚተኛው አለ፤ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚጠራቀመው አለ። የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው። ከዚያ የሚለቀቀው ቅባት በቀጥታ ወደ ጉበት በሚሄደው የደም ሥር ይገባል፤ ጉበት በስብ ይሞላል፤ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዝ ይሳነዋል፤ ስኳር ከፍ ይላል፣ ግፊት ይከተላል፣ በደም ውስጥ ያለው ቅባት ይዛባል። ሐኪሞች እነዚህን አንድ ሰው ላይ ተደርበው ሲያገኟቸው ሜታቦሊክ ሲንድረም ይሏቸዋል። ሰውየውን ግን ምንም አያመውም። እንዲያውም ጎረቤቱ “ሞላ አልክ፣ ተመችቶሃል” ይለዋል። ወላይታ ላይ ቆሞ ይህን አነጋገር የሚነቅፍ ማን ነው? የ1977ንም የ1992 ዓ.ም.ንም ረሃብ ያየ፣ መሬቱ ለምልሞ ሳለ ልጆች የከሱበት አገር ነው። ስኳር ድንቹ ሲከዳና በቆሎው ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የሞላ ሆድን ቢያከብር፣ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ በሬ ሲያደልብ ከርሞ ቁርጡን ከዳጣ ጋር ቤተሰቡን ሰብስቦ ቢበላ፣ ምን አጠፋ?

ጥፋቱ እኛ የተማርነው ዘንድ ነው፤ ቆጥረን ስለምንተወው። በጤና ላይ የሚሠሩ ምርምሮቻችንን ርእስ ገልጣችሁ እዩ። “ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች” የማይል ስንት ታገኛላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ የተካሄደው ስቴፕስ የተባለው የጤና ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆናቸውን 9,800 ያህል ሰዎች አየ። 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ 6 በመቶ የሚጠጉት በባዶ ሆድ የተለካ ስኳራቸው ከልክ አልፏል። በሰንጠረዡ ከልክ በላይ ከብደዋል የተባሉትም 6 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ከሦስት ሰዎች የሁለቱ ያህል “ጥሩ” የሚባለው ኮሌስትሮል መሆን ከሚገባው በታች አንሶ ነበር። ክብደቱ ትክክል ነው የተባለ ሕዝብ ደሙ ሲመረመር እንዲህ ከሆነ፣ ሰንጠረዡ እኛን ያያል?

መቁጠር መጀመሪያ ላይ ዕውቀት ነው። አሥረኛ ጊዜ፣ በሌላ ከተማ፣ በዚያው መጠይቅ፣ “ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል” በሚል ማጠቃለያ ሲደገም ግን ምን ይባላል? የማስተርስ ተማሪ በእጁ ባለችው ጥቂት ወርና ጥቂት ብር ከዚህ የተሻለ መሥራት እንደሚከብደው ይገባኛል፤ እሱን አልወቅስም። ዩኒቨርሲቲ ግን የተማሪ ቴሲስ ብቻ ነው? የመምህሩ እድገት በታተመ ወረቀት ቁጥር እስከተለካ ድረስ፣ ሰዎችን ለሦስት ዓመት የሚከታተል ሙከራ ጀምሮ ወረቀት አልባ ሆኖ ሊቆይ የሚደፍር ማን ይሆናል? የምርምር በጀት ሰኔ 30 ላይ ተዘግቶ እንደገና ከዜሮ የሚለመን ከሆነ፣ ሰኔ 30ን የማያውቅ በሽታ እንዴት ይጠናል?

ሳይንሱ ዝም ባለበት ሌላው ይናገራል። ቦርጭ በሁለት ሳምንት የሚያጠፋ ሻይ፣ ሆድ የሚያቀልጥ እንክብል፣ ወገብ የሚያቀጥን ቀበቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣል። ገዢዋ ሞኝ አይደለችም። ሐኪም ቤት ሄዳ “ክብደት ቀንሺ” ተብላ፣ እንዴት እንደሚቀነስ የሚነግራት አጥታ የመጣች ናት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እነዚህን እንክብሎች ውስጣቸው ምን እንዳለ እየመረመረ ለሕዝብ የሚነግረው መቼ ነው? ከእነርሱ ይልቅ ይህን አድርጊ ብለን የምንሰጣት፣ በእኛ አገር ሰው ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ምን አለን?

ውጭ አገር የተፈተነው ብዙ ነው። ሴማግሉታይድ የተባለው በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ሙከራ 1,961 ሰዎችን ይዞ በ68 ሳምንት የክብደታቸውን 15 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ባዶ መርፌ የተወጉት የቀነሱት 2.4 በመቶ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ታይርዜፓታይድ በ2,539 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በትልቁ መጠን ወደ 21 በመቶ ደረሰ። ትልቅ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ግን የመጀመሪያው ሙከራ በ16 አገሮች፣ በ129 ቦታዎች ሲካሄድ እስያ ነበረች፣ አውሮፓ ነበረች፣ ሁለቱ አሜሪካዎች ነበሩ። አፍሪካ የት ነበረች? የተሳታፊዎቹ አማካይ ክብደት 105 ኪሎ ነበር። በ68 ኪሎው ላይ ወገቡ 88 የሆነው የሶዶ ሰው በዚያ ሙከራ ውስጥ የለም። ይህ መድኃኒት ለእርሱ ምን ያደርግለታል? ከሚቀንሰው ክብደት ቀላል የማይባለው ስብ ሳይሆን ጡንቻ መሆኑ ታውቋል። ዶማ አንስቶ ለሚቆፍር፣ ውኃ በጀርባዋ ለምትሸከም፣ ጡንቻ የዕለት እንጀራ ነው። ያን ማን መዘነላቸው?

ደግሞ መድኃኒቱ ሲቋረጥስ? የሴማግሉታይዱን ሙከራ የተከታተሉት ሐኪሞች መርፌው ከቆመ በአንድ ዓመት ውስጥ ከወረደው ክብደት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶ አገኙት። ኢንሱሊን እንኳ ከመደርደሪያ በሚጠፋበት፣ ፍሪጅ ያለው ሁሉ መብራት በሌለው አገር፣ ተቋርጦ የሚጀመር ተጀምሮ የሚቋረጥ መርፌ ምን ያመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 እነዚህን መድኃኒቶች ስኳር ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር ለተደረበባቸው ሕሙማን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። ከእነርሱ የአንዳንዶቹ የፓተንት ዘመን በአንዳንድ ትልልቅ አገሮች እያበቃ ስለሆነ ርካሹ ዓይነት ነገ እኛም ዘንድ ይደርሳል። ሲደርስ ለማን ይሰጥ፣ በየትኛው ወገብ ይጀመር፣ መቼ ይቁም የሚለውን የሚመልስ የራሳችን መረጃ ይኖረናል? ወይስ የዚያን ጊዜም የአውሮፓውያኑ ልክ ይላካልን?

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያሉት ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። የሆድ ስብን ለመቀነስ ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት በዓለም ላይ ካለ የተሠራው ለእነርሱ ነው። ስታቩዲን የተባለው የቀድሞው መድኃኒት ፊትና እግርን እያከሳ፣ አንዳንዶቹን ሆዳቸውን እየነፋ፣ የሰውን መልክ ለውጦ ሄዷል። በጎረቤት ዓይን ፊት የበሽታ ምልክት ይዞ መኖር ምን እንደሆነ የደረሰባቸው ያውቁታል። ለዚህ ተብሎ ቴሳሞሬሊን እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሙከራ በ412 ሕሙማን ላይ ተፈተነ፤ በ26 ሳምንት ውስጥ በአንጀት ዙሪያ ያለውን ስብ 15 በመቶ ያህል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ፈቀደችው። በየቀኑ የሚወጋ ነው፤ ሲቆም ስቡ ይመለሳል። ስታቩዲንን ከአሜሪካውያኑ ያላነሰ የዋጡት የአፍሪካ ሕሙማን ናቸው። መፍትሔው ሲፈለግ ግን ማን ተጠየቀ?

አሁን ደግሞ ተራው የዶሉቴግራቪር ነው። ነገሬ በስሕተት እንዳይወሰድ አስቀድሜ ልናገር፤ ዶሉቴግራቪር እጅግ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ቫይረሱን ፈጥኖ ይጥላል፣ ማንም በክብደት ፍርሃት ሊያቆመው አይገባም። ሆኖም ጆሃንስበርግ ላይ 1,053 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ ክብደት እንደሚጨምር፣ ጭማሪውም በሴቶች ላይ እንደሚበረታ አሳይቷል። እኛ ከምንጠቀምበት ቅይጥ ጋር ጭማሪው ያነሰ ነበር፤ ግን ነበር። ስኳር የወጣባቸው ሕሙማንም በምሥራቅ አፍሪካ ታይተዋል። ደቡብ አፍሪካ ጠየቀች፣ ካሜሩን ጠየቀች፣ መልሳቸውን ይዘው ዓለምን አስተማሩ። እኛስ? በሶዶና በአካባቢው የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና የሚከታተለው ሰው ቀጠሮ አለው፣ ካርድ አለው፣ አማካሪ ነርስ አለችው፣ በመጣ ቁጥር ይመዘናል። ወገቡን የሚለካውስ? ስኳሩ ከፍ ቢል ሜትፎርሚን ይጀመርለት ወይስ በእግር መሄድና አመጋገብ ይበቃዋል ብሎ ሁለት ቡድን አድርጎ የሚያነጻጽር ማን አለ? ለሙከራ ከዚህ የተመቸ ክትትል ያለው ሕመምተኛ የት ይገኛል? ሃያ ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ነፍሱን ያቆየ ሰው በስትሮክ ሲወድቅ “በኤችአይቪ አልሞተም” ብለን ልንጽናና ነው?

“እኛ ዘንድ ይህን የመሰለ ሙከራ አይቻልም” የሚል አለ። እውነት አይቻልም? በወላይታ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ለዓለም ያስረዳው ማነው? እ.ኤ.አ. በ2012 በሕክምናው ዓለም በከበረው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል የታተመው የዘር ጥናት የቆመው በዚህ ምድር ሕሙማንና ጤነኞች ናሙና ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት የወላይታ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ያለበት እንዴት እንደሆነ ራሱን ሰዉን ጠይቀው አጥንተዋል፤ ያንንም አሳትመዋል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ደግሞ በ696 ሕሙማን ላይ ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ እንደ መድኃኒት በዕጣ ተፈትነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደሚሠሩ ተረጋግጧል። የገበሬ ቤት ድረስ ተሂዶ፣ ዕጣ ተጥሎ፣ ዓመት ሙሉ ክትትል ተደርጎ። ለእግር የተቻለ ለወገብ ምን ከለከለው?

ከዚያም የሚበልጥ አለ። የዱጉና ፋንጎ ሰሜናዊ ጎረቤት በሆነችው በሀዲያዋ ባደዋቾ፣ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ 170 ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ ከእናታቸው ቤት ሆነው እንዲታከሙ ተደረገ። 144ቱ ዳኑ፤ ሰባት ሞቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት ላይ ወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህንኑ አካሄድ ለዓለም ሁሉ ተቀበሉት። ዛሬ በየጤና ኬላው የሕፃን ክንድ የሚለካበት ባለቀይ ባለቢጫ ባለአረንጓዴ ሜትር ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ጋር አብሮ የተስፋፋ ነው። ረሃብን እንዴት ማከም እንደሚገባ ከዚህ አካባቢ የተማረ ዓለም፣ የሆድ ስብን በተመለከተ ከዚሁ አካባቢ የሚማረው የለም?

ገንዘብ የለም ይባላል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1986 ሀብታም ነበረች? ዳቺንግ በምትባል የነዳጅ ከተማ፣ ስኳራቸው ወደ በሽታ እያዘነበለ የነበረ 577 ሰዎችን በ33 ክሊኒኮች ለይተው፣ አንዱን ክሊኒክ አመጋገብ፣ ሌላውን እንቅስቃሴ፣ ሌላውን ሁለቱንም፣ ሌላውን የተለመደውን አደረጉት። ስድስት ዓመት ሞከሩ፤ ሠላሳ ዓመት ተከታተሉ። በስኳር መያዝ ቀነሰ፤ ኋላም የልብ ሕመምና ሞት ቀነሰ። ውድ መርፌ አልነበረም፤ ክሊኒክ፣ ሚዛን፣ ጽናትና መዝገብ ነበር። ወላይታ ዞን ውስጥ ጤና ጣቢያ የሌለው ወረዳ አለ? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በር የማታንኳኳበት ቀበሌ አለ? ሶዶ ላይ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት አለ። አዲስ አበባ ላይ አርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለመድኃኒት ሙከራ የተቋቋመ ማዕከልም አለ። የጎደለው የትኛው ነው?

ሊጠየቅ የሚገባውም የእኛው ኑሮ የሚያነሣው ጥያቄ ነው። የፓልም ዘይቱን ግማሽ ብቻ መተው በወገብ ላይ ምን ያደርጋል? ቆጮና ጎዳሬ ሲበላ የነበረ ሰው ከተማ ገብቶ ወደ ነጭ ዳቦና ለስላሳ ሲዞር፣ መልሶ ወደ ቀድሞው ማዕድ ማምጣት ስኳሩን ያወርደዋል? ባጃጅ የለመደችው ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግሯ ብትሄድና የጸሎት ጓደኞቿ አብረዋት ቢሄዱ ትጸናለች? ሙከራው ሲያልቅ ለተሳታፊዎቹ የሚቀጥልላቸው ነገር ምንድን ነው፣ ማንስ ይከፍለዋል? ይህን የመጨረሻውን የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል?

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944–45 ክረምት በኔዘርላንድ በተራበች እናት ማኅፀን የነበሩ ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ተመርምረዋል። ስኳርን የማስተናገድ አቅማቸው ደክሞ ተገኘ፤ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የተራቡት ሴቶች ደግሞ ወገባቸው ሰፍቶ ነበር። በራያ ቆቦም በ1977ቱ ረሃብ በሕፃንነት ያለፉ ሰዎች ካደጉ በኋላ ተጠንተው ሜታቦሊክ ሲንድረም በርትቶባቸው ታይቷል። በተቃራኒው ደግሞ የጎንደርና የጅማ ሕሙማንን የተከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ከገጠር የሚመጡትን ከሲታ የስኳር ሕሙማን አይተው፣ ከምግብ እጦት የሚመጣ ስኳር እንዳለ ዳግም እንዲመረመር ጠይቀዋል፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለዚህ ሕመም ስም የሰጠው በ2025 ነው። ማላዊ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድተው የዳኑ ልጆቿን ከሰባት ዓመት በኋላ ፈልጋ አገኘቻቸው፤ ጡንቻቸው አንሷል፣ ዳሌያቸው ጠቧል፣ የእጃቸው ጉልበት ደክሟል። እንዲህ ያለ ሰውነት ሲደላው ስቡን የት ያስቀምጣል? ለእርሱ የሚስማማው ሕክምና መቀነስ ነው ወይስ ጡንቻ መገንባት?

የባደዋቾዎቹ 144 ሕፃናት ዛሬ ሃያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ወልደዋል፣ ነግደዋል፣ ከፊሎቹም ሶዶና ሐዋሳ ገብተዋል ብዬ እገምታለሁ። ያኔ ክንዳቸው ተለክቶ ለዓለም ተጽፏል። በወላይታም በዚያው በ1992ቱ ረሃብ የታከሙ እኩዮቻቸው አሉ። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ፣ የጤና ሚኒስቴር፤ ከእናንተ መካከል እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ወገባቸውን የሚለካው፣ ስኳራቸውን የሚያየው፣ ያገኘውንም ቆጥሮ ሳይተው ሕክምናውን በዕጣ የሚፈትነው የትኛው ነው? ፕሮፖዛሉስ የሚገባው በየትኛው ዓመት በጀት ነው?